መንገድ ላይ የወደቀው ቤት

ሄለን ፍቅረየሱስ የእናቷን ቤት በኮምፒውተር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው መንገድ መሃል ቆሞ ነበር።

ይህ ለምን እንዳስደነገጣት ለመረዳት ሥራዋን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሥራውም ሊያውቁት የሚገባ፣ ልብ የሚይዝ ሥራ ነው። ነጻነት በሕዝብ ድምፅ ከታወጀ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። አስመራ ብዙ ካርታ ነበራት። ጣሊያን የሣለው አለ፣ እንግሊዝ ያረመው አለ፣ ኋላ የመጣው ሁሉ በእርሳስ የጨመረበት አለ። አንዱ ካርታ አጥሩን ከዛፉ ወዲህ ሲያደርገው ሌላው ከዛፉ ወዲያ ያደርገዋል። እነዚህን አስታርቆ የከተማውን ቦታ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እንዲያስገባ አንድ አነስተኛ ፕሮጀክት ተቋቋመ፤ ሄለንም እዚያ ተቀጠረች።

ጂአይኤስ የሚባለውን የኮምፒውተር ካርታ በመስኮት መስተዋት አስቡት። በአንዱ መስተዋት ላይ መንገዶችን ብቻ ትሥላላችሁ። በሌላው የይዞታ ወሰኖችን። በሦስተኛው ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ትደራርቧቸዋላችሁ። አሁን የፈለጋችሁትን ቤት ብትነኩ የማን እንደሆነ፣ ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከመንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይነግራችኋል። ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የሚውልበት ጥያቄ ሻሂው ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህ ድንቅ ነገር ነው። መስተዋቶቹ ልክ በልክ ካልተደራረቡ ግን ድንቁ ሁሉ ወደ ውሸት ይለወጣል፤ ውሸቱም እንደ እውነቱ ጥርት ብሎ ነው የሚታየው።

በዚያ ቀን ሄለን ፎቶውን በመንገዶቹ ላይ ስትደርበው እናቷ በሚኖሩበት ሰፈር፣ በቃሓውታ ጫፍ ያሉት ቤቶች በሙሉ ተንሸራተው መንገዱ ላይ ወጡ። ከሁሉም መሃል ገብቶ የቆመው ጣሪያው ላይ የውኃ በርሜል ያለበት ቤት ነበር። በርሜሉን አባቷ በሕይወት ሳለ ራሱ ነበር የሰቀለው።

ከጎኗ የተቀመጠው ሙሴ አንገቱን አስግጎ አየ። ሙሴ የፎቶዎቹን ማሰሪያ ነጥቦች የሚመርጥ ልጅ ነበር፤ ሳይቀልድ መዋል አይችልም።

«ሄለንየ! ቤታችሁ ፌርማታ ሆነ እኮ። አውቶቡስ ይቁምበት?»

«ተው ሙሴ።»

«ወላሂ ጥሩ ቦታ ነው። እናትሽ ትኬት ይቁረጡ።»

ሄለን ለመሳቅ ሞከረች። ኮምፒውተሩ መንገድ ላይ የወጡትን ቤቶች ለይቶ በቀይ ቀለም እንደሚያወጣ ታውቃለች። ቀዮቹ በሳምንቱ መጨረሻ መንገድ ለሚያሰፉት ሰዎች ይተላለፋሉ። እዚያ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው መንገድ ዘግቶ የተሠራ ሕገ ወጥ ቤት ይባላሉ። ከዚያ ወዲያ ሰው የሚጠብቀው ቤት የሚያፈርስ ዶማ ነው።

ሌሎቹ ጎረቤቶች ሄደው መጮህ ይችላሉ። የሄለን እናት ግን አይጮሁም። ወይዘሮ የሺሀረግ የጎንደር ሰው ናቸው። ደርግ ሲወድቅ የሀገራቸው ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲወጡ እሳቸው ከባላቸው ጋር ቀሩ። ሄለን በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ትማር ነበር፤ የተመለሰችው አባቷ ከሞተ በኋላ ነው። ስትመጣ ያገኘቻት እናት ከምታውቃት እናት ይልቅ ዝምተኛ ሆና ነበር። ወይዘሮ የሺሀረግ አውቶቡስ ውስጥ አፋቸውን አይከፍቱም፤ ትግርኛቸው ጥሩ ቢሆንም አንደበታቸው የት እንደተወለዱ ይናገራል። ሱቅ ገብተው የሚፈልጉትን በጣታቸው ያሳያሉ። ማንም ክፉ ቃል ተናግሯቸው አያውቅም። እሳቸው ግን ያልተነገረውን ቃል በየቀኑ ይጠብቁታል።

ሄለን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መንሸራተቱን አጥንታ አየችው፤ ፍርሃት አንዳንዴ ሰውን ጥንቁቅ ያደርጋል። ቤት ጊዮርጊስ ኮረብታ አካባቢ ያሉት ጣሪያዎች በቦታቸው ናቸው። የጸጸራት ሰፈርም እንዲሁ። ወደ ቃሓውታ ሲቀርቡ ግን ቤቶቹ ጥቂት፣ ከዚያ በርከት፣ ከዚያ ጨርሰው ይሸሻሉ። በገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ በአንድ ጥጉ ሲጎተት እንደዚህ ነው።

እዚህ ላይ ፎቶ እንዴት እንደሚታሰር ልንገራችሁ። ፎቶ የየት ሀገር ፎቶ እንደሆነ በራሱ አያውቅም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሳይነሣ ሰዎች አስቀድመው በተመረጡ ቦታዎች በኖራ የነጡ ድንጋዮችን በመስቀል ቅርፅ ይደረድራሉ፤ መሃሉን ከሳተላይት በሚቀበል መሣሪያ ይለካሉ። ኋላ በፎቶው ላይ ነጩን መስቀል ፈልገው ለኮምፒውተሩ «ይኸኛው ያ የለካነው ቦታ ነው» ይሉታል። ለዚህ የከተማው ክፍል አራት መስቀሎች ተዘርግተው ነበር። በአራተኛው ላይ አውሮፕላኑ ባለፈበት ቀን የጭነት ማኪና ቆሞበት ተገኘ፤ በፎቶው ላይ የሚታየው የማኪናው ሸራ ብቻ ነው። የቀሩት የቤት ጊዮርጊስ፣ የጸጸራትና የቃሓውታ ናቸው።

በሦስት ነጥብ ፎቶ ማሰር ይቻላል። ኮምፒውተሩ ሲያስርም ስሕተቱን አስልቶ ይናገራል፤ በዚህ ጊዜ ያለው «ዜሮ» ነበር። ሰው ዜሮ ሲያይ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ነጥቦቹ ሦስት ብቻ ሲሆኑ ስሕተቱ ምንጊዜም ዜሮ ነው፤ ሦስቱን የሚያመሳክር አራተኛ የለምና። ያ ዜሮ «ትክክል ነኝ» አላለም፤ «የሚከራከረኝ የለም» ነው ያለው።

ሄለን የቃሓውታውን መስቀል አጉልታ ልታየው ወሰነች። ደጋግማ አጎላችው። ነጩ መስቀል ከአንድ ግድግዳ ሥር ነበር። ከግድግዳው በላይ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በጣሪያው ላይ በርሜል።

ያንን መስቀል ታውቀዋለች። በየጠዋቱ አልፋው ትወጣለች። እናቷ ለአባቷ መታሰቢያ የሠሩት ይመስላት ነበር፤ በበዓል በበዓል ኖራ ይቀቡታል።

ለምሳ ቤት ስትሄድ ወይዘሮ የሺሀረግ ምስር እየለቀሙ ነበር።

«እማዬ፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን መስቀል ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ። ሠራሁት እንኳ አይባል፤ አነሣሁት እንጂ።»

«ከየት?»

«ከመንገዱ! ልጆች መጥተው መንገዱ መሃል መስቀል ዘርግተው ሄዱ። አህያው ይረግጠዋል፣ ኳሱ ይንከባለልበታል። ኧረ በስመ አብ! መስቀል መሬት ተጥሎ ይረገጣል? ቀን አሳልፌ ጠበቅሁ፤ የሚያነሣው ጠፋ። ድንጋዩን አንድ በአንድ በሳፋ አመጣሁትና ንጹሕ ቦታ ላይ እንዳለ ዘረጋሁት። ክንዱን እንኳ አላዛነፍሁም።»

«አውሮፕላኑ ያለፈው ከዚያ በኋላ ነው?»

«እንዴታ። ዶሮዎቹን አይደለም እንዴ የበታተነብኝ።»

ሄለን ተቀመጠች። እናቷ ፊቷን አዩ፤ ምስሩን ተዉት።

«ምነው? ምን አደረግሁ?»

«የካርታ ምልክት ነበር፣ እማዬ። አንቺ መስቀሉን ወደ ቤታችን ስታመጪው ኮምፒውተሩ ቤታችንን ወደ መንገዱ ወሰደው።»

ወይዘሮ የሺሀረግ ስለ ካርታው አልጠየቁም። ከተናገረችው ውስጥ የሰሙት አንድ ነገር ነው።

«የመንግሥት ምልክት ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ጎንደሬዋ የመንግሥት ምልክት ነቀለች ሊሉ ነው።» ድምፃቸው ወረደ። «አትናገሪ፣ ሄሉ። ቤቱ ይፍረስ። ቤት ይከራያል። አንቺ ብቻ እኔን አታንሺኝ።»

ሄለን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ምንም ሳትሠራ ቆየች። ቤታቸውን ብቻ በእጇ ከመንገዱ ልታወጣው ትችላለች፤ አንድ ጠቅታና አንድ ጉተታ ነው። ግን ኮምፒውተሩ ማን ምን እንደነካ ይይዛል። የራሷን ቤት ያንቀሳቀሰች ሠራተኛ ስትገኝ ሰው ስለ እናቷ ምን እንደሚጠይቅ ገመተች። ደግሞስ የጎረቤቶቹ ቤቶች? እነሱ በቀይ እንደተለዩ ይቀሩ?

ተነሥታ ወደ ኃላፊው ወደ ሀብተማርያም ክፍል ሄደች። ሀብተማርያም ዕድሜውን በሜዳ፣ በትግል የጨረሰ ሰው ነው፤ ካርታ ማንበብ የጀመረው በዋሻ ውስጥ ነው ይባላል። ብዙ አይናገርም። ሲሰማ ዓይኑን ከሰው ላይ አያነሣም፤ ሄለንም ይህን ትፈራለች።

«አያ ሀብተማርያም፣ የቃሓውታው ነጥብ ልክ አይደለም። ከተለካ በኋላ ቦታው ተቀይሯል።»

«ዜሮ ይላል።»

«ሦስት ነጥብ ስለሆነ ነው።»

«እወ።» ራሱን ነቀነቀ። «እኔም እሱ ነበር የከነከነኝ። አራተኛውን ማኪና በላብን። ማን አነሣው?»

ሄለን የክፍሉን በር ዘጋች።

«እናቴ።»

«የየት ሀገር ሰው ናት?»

«የጎንደር።»

ሀብተማርያም ከመሳቢያው የማኪና ቁልፍ አወጣ።

«ተነሺ። ሙሴንም ጥሪው።»

ሦስቱም ማኪናው ውስጥ ገቡ። ከኋላ የመለኪያ መሣሪያው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ማኪናው በነጠረ ቁጥር ይንኳኳል። ሄለን እናቷን ለማስጠንቀቅ ምንም መንገድ አልነበራትም። ቃሓውታ ሲደርሱ በሩ ክፍት ነበር። ወይዘሮ የሺሀረግ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። የማኪናውን ድምፅ ከሩቅ ሰምተውታል። በእጃቸው የልብስ ጥቅል ይዘዋል።

«ኣደይ፣ ከመይ ውዒልኪ» አለ ሀብተማርያም፤ እናቴ፣ እንዴት ዋልሽ ማለቱ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጌታዬ። ተዘጋጅቻለሁ።»

«ለምን?»

«ለመሄድ።»

ሀብተማርያም ጥቅሉን አየ።

«መስቀሉ የት አለ?»

ወስደው አሳዩት። ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን መረመረ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ጠየቀ፤ «መን ኣዚዙኪ? ማን አዘዘሽ ማለቴ ነው።»

«ማንም አላዘዘኝ።» ወይዘሮ የሺሀረግ ቀና አሉ። «መስቀል ይረገጣል እንዴ?»

ሀብተማርያም ወደ መንገዱ ዞሮ ቆየ። አንዲት አህያ ጀሪካን ተጭና እያለፈች ነበር።

«ኣይፋል» አለ። «አይረገጥም። መሃል መንገድ ላይ መዘርጋቱ የኛ ጥፋት ነው።»

ሙሴ መሣሪያውን ሊተክል ሲጠጋ ወይዘሮ የሺሀረግ እጃቸውን ዘረጉ። «ጫማህን!»

ሙሴ ኃላፊውን አየ። ኃላፊው ሰማይ አየ። ሙሴ ጫማውን አወለቀ፤ አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ አለ። «ኣደይ፣ ካልሲዬን አይተሽ ለልጅሽ እንዳትነግሪ።»

ማንም አልሳቀም። የመሣሪያው አንቴና በመስቀሉ መሃል ላይ ቆመ። ሀብተማርያም ለሄለን ሲያስረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ሞቅ አለ፤ «ወደ ቦታው መመለስ አያስፈልግም። ፎቶው ያየው እዚህ ነው። ስለዚህ ‹እዚህ› የት እንደሆነ ለኮምፒውተሩ መንገር ብቻ ነው የቀረን።» ከዚያ በፎቶው ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ የአንድ የሲሚንቶ ግድግዳ ጥግ መርጦ እሱንም አስለካ። አራተኛው ምስክር ተገኘ።

መለካቱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ወይዘሮ የሺሀረግ ጥቅላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ማኪናው ሲነሣ እጃቸውን አላውለበለቡም።

በማግስቱ ሄለን አዲሶቹን ቁጥሮች አስገባች። ኮምፒውተሩ በዚህ ጊዜ ዜሮ አላለም፤ ትንሽ፣ ከአንድ ክንድ ያነሰች ስሕተት አወጣ። ሀብተማርያም ከኋላዋ ቆሞ «ይህ ነው ደግ ስሕተት» አለ። ፎቶው ተሳበ፤ ቤቶቹ አንድ በአንድ ከመንገዱ ወረዱ። ቀዩ ቀለም ጠፋ። በርሜሉ ያለበት ጣሪያ በወሰኑ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሙሴ በጥርሱ አፏጨ።

ሀብተማርያም በሥራው ማስታወሻ ላይ «ምልክቱ ከተለካ በኋላ ቦታው ተቀይሯል» ብሎ ጻፈ። ማን እንደቀየረው አልጻፈም። ሄለን እሱ ሲወጣ ጠብቃ ደግማ አነበበችው፤ ከሥሩ የተጨመረ ነገር እንዳለ ፈለገች። የለም።

ቤት ስትገባ እናቷ ጥቅሉን ገና አልፈቱትም ነበር።

«ቤታችን ከመንገዱ ወጥቷል፣ እማዬ። አይፈርስም።»

«ተመስገን።» ወይዘሮ የሺሀረግ አማተቡ። ጥቂት ቆይተው ጠየቁ፤ «አሁን ያ ማሽን የት እንዳለን ያውቃል ማለት ነው?»

«አሳምሮ ያውቃል።»

«ነገ ሌላ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥስ? እሱም ሲነካው ያገኘናል?»

ሄለን ልትዋሽ አልፈለገችም። «ያገኘናል።»

«በማን ስም?»

«በአባዬ ስም። የሞተ ሰው ስም መቀየር አለብን፤ ባለይዞታዋ አንቺ ነሽ። ሰኞ የሺሀረግ ብዬ ልጽፈው ነበር።»

ወይዘሮ የሺሀረግ በሩን አዩት፤ ከዚያ ልጃቸውን።

«ፍቅረየሱስ ይበል» አሉ። «እሱ እዚህ ተወልዶ እዚህ ነው የተቀበረው፤ እሱን ማንም ውጣ አይለውም።»

ሰኞ ጠዋት ሄለን ቤታቸውን ነካችው። የባለይዞታው ስም ብቅ አለ፦ ፍቅረየሱስ። ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ምንም ሳትቀይር ዘጋችውና ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች።