አፉን ያሰፋነው ጠመንጃ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዮናስ እዚሁ ካልጋሪ ካለው ታራዴል ሰፈር ሊጠይቀኝ መጣ። ከኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ዌርሃውስ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሺፍት በማይኖረው ቀን ብቅ ይላል። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲነካካ ቆየና፣ «ዳድ፣ ይሄን እየው። ላይክ፣ ኖርማል ጠመንጃ ነው፤ ግን ኮንቨርት አድርገውት ትልቅ ጥይት ይተኩሳል» አለኝ።

ስልኩን ተቀበልኩት። አንድ ጺማም ሰውዬ አውራ ጣት የሚያክል ጥይት አጉርሶ ተኮሰ፤ ትከሻው ወደ ኋላ ተወረወረና ሳቀ። እኔ ግን ከዚያች ተኩስ በፊት ማን እንደሞከረው ነበር ማወቅ የፈለግሁት። ቪዲዮው ያንን አያሳይም።

«እኔም አንድ ሠርቼ ነበር» አልኩት።

ልጄ ቀና አለ። አባቱን የሚያውቀው በአውቶቡስ ሹፌርነት ብቻ ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ካልጋሪ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ዶቨር በሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ አሮጌ ቤት ቤዝመንት ተከራይቼ እኖራለሁ። አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ቶርኖ ስለተማርኩ ብረት ይታዘዝልኛል፤ እንግሊዝኛዬ ግን ከ«የስ» እና ከ«ሶሪ» ብዙም አይርቅም ነበር። ሥራ ያስገቡኝ ጋሼ ኪዳኔ ናቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፤ በአማርኛ የተማሩ፣ በጎልማሳነታቸው ጦር ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ይጠግኑ የነበሩ። አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነበር። ከኦኮቶክስ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የአደን ጠመንጃ መጠገኛ ቤት ይሠሩ ስለነበር፣ ባለቤቱን ግሌንን ለምነው አስቀጠሩኝ። ግሌን የሚለውን ለእኔ፣ እኔ የምለውን ለእሱ የሚያስተረጉሙት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ቤት አፌም ጆሮዬም ጋሼ ኪዳኔ ሆኑ።

ጠዋት ጠዋት በአሮጌ መኪናቸው ሃይዌይ ቱ ኤ የሚባለውን መንገድ ይዘን ወደ ደቡብ እንወርዳለን። በሐምሌ ለዘይት የሚዘራው የካኖላ እርሻ ግራና ቀኙን ቢጫ ያለብሰዋል፤ መስኮቱን ስንከፍት የታጨደ ሣር ሽታ ይገባል። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ ቂጣ ፍትፍታቸውን በወርክሾፑ ሂተር ላይ አሙቀው «ናማ፣ ቅቤው ሳይረጋ» ይሉኛል። ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። ሚስታቸውና አራት ልጆቻቸው ገና ካርቱም ነበሩ፤ እሳቸው ስፖንሰር አድርገው ሊያመጧቸው ወረቀት ጀምረዋል። «እስኪመጡ ድረስ ልጄ አንተ ነህ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ልጅ ሆኛለሁ።

በዚያ ክረምት ሬይ የሚባል ከብት አርቢ የአያቱን ጠመንጃ ይዞ መጣ። የእንግሊዝ ወታደር ይታጠቀው የነበረ፣ በዚህ አገር ከየገበሬው በር ጀርባ የማይጠፋ ዓይነት ነው። ሬይ ሙስ ያድናል፤ ከበሬ የሚገዝፍ፣ ቀንዱ እንደ ተዘረጋ መዳፍ የሆነ የዱር አውሬ ነው። የአያቱ ጠመንጃ በጣም ትልቅ ጥይት እንዲተኩስለት ፈለገ። ባለፈው ዓመት ያደነውን ሥጋም ቆርሶ ሰጠን። እበላው አልበላው ብዬ ሳመነታ ጋሼ ሳቁብኝ። «ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ቋንጣ አደረግነው፤ እንደዚያ ያለ ቋንጣ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።

ጠመንጃን ትልቅ ጥይት ማስጎረስ አፉን ማስፋት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጥይቱ ሲወፍር ግን ሁሉም ነገር ይጠበዋል። አፈሙዙ አዲስ መሆን አለበት፤ ካዝናው እንደገና ይሠራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተኳሹ ፊት ለፊት ሆኖ የባሩዱን ኃይል የሚይዘው መቀርቀሪያ አለ። እሱ ከተሳሳተ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይተኩሳል። አፈሙዙንና ካዝናውን እኔ ያዝኩ፤ መቀርቀሪያውን ጋሼ ያዙ። ሁለት ወር ፈጀብን። የመጀመሪያዋ ወፍራም ጥይት ከካዝናው ተነሥታ ሳትደናቀፍ ቦታዋ ስትገባ፣ ጋሼ ኪዳኔ ግንባሬን ሳሙኝ።

አንድ ነገር ግን ደስ አላለኝም። መቀርቀሪያው ላይ የሞረድ ጭረት አየሁ፤ ጥልቅ ነበር፣ የቸኮለ እጅ ጭረት።

«ጋሼ፣ ይሄ በዝቶ አልተሞረደም?»

«አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ስሞርድ ኖሬአለሁ።»

«እሺ፤ ግን ሰው ትከሻ ላይ ከመሄዱ በፊት ከጎማ ጋር አስረን፣ ራቅ ብለን፣ በገመድ እንሞክረው።»

«ቅዳሜ እሞክረዋለሁ» አሉ። ሰኞ መኪና ውስጥ ጠየቅኋቸው። «ሃያ ጥይት ተኮስኩበት፤ ንቅንቅ አላለም» አሉኝ። ሬይ መጥቶ ወሰደው።

የመጀመሪያው በረዶ በወረደበት ሳምንት የሬይ መኪና ግቢው ውስጥ ቆመ። የወረደው ግን ወንድሙ ነበር። የጠመንጃውን ስብርባሪ በከረጢት አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። መቀርቀሪያው ተሰንጥቋል። ሬይ ሆስፒታል ነው፤ ጉንጩ ተቀድዷል፤ ዓይኑን ያተረፈው መነጽሩ ነው።

ግሌን ሁለታችንንም ቢሮው ጠራን። ፊቱ ነጭ ሆኗል። ወደ እኔ እያየ አንድ ነገር ጠየቀ። ጋሼ ኪዳኔ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተረጎሙልኝ፤ «ጠመንጃው ተሞክሮ ነበር ወይ ይላል።»

«መቀርቀሪያው አላማረኝም ብያለሁ፤ በገመድ ይሞከር ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ጋሼ ደግሞ ቅዳሜ ሃያ ጥይት ተኩሰውበታል። እንደዚሁ ንገሩት» አልኩ።

ረጅም ነው ያወራሁት። እሳቸው የተረጎሙት አጭር ነበር። ከዚያች አጭር ንግግር ውስጥ የማውቃት አንድ ቃል ብቻ ነበረች፦ «ሶሪ»።

እኔ ሶሪ አላልኩም ነበር።

ግሌን ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ተነሥቶ እጄን ጨበጠና በሩን ከፈተልኝ። ያ ሥራዬ ማለቁ እንደሆነ የገባኝ ጋሼ ኪዳኔ ኮቴን ሲያቀብሉኝ ነው።

የምመለስበት መኪና የጋሼ ኪዳኔ ብቻ ነበር። ገባሁ። ከኦኮቶክስ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን፣ «ምን አሉት?» አልኳቸው።

የመኪናው መጥረጊያ በረዶውን ይገፋል።

«ጋሼ፣ ምን ብለው ተረጎሙልኝ?»

«መሞከሩ የአንተ ሥራ እንደነበረና እንደረሳኸው» አሉ በመጨረሻ። «አልሞከርኩትም ነበር፣ ሙሌ። ቅዳሜ ለልጆቹ ወረቀት ስሯሯጥ ዋልኩ። ሥራ ከሌለኝ ቪዛ አይሰጧቸውም። አንተ ወጣት ነህ፣ ብቻህን ነህ፤ ነገ ሌላ ታገኛለህ።»

«አውርዱኝ።»

«በዚህ ብርድ?»

«አውርዱኝ ነው የምልዎት!»

ወረድኩ። ጫማዬ የበረዶ ጫማ አልነበረም። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አዝኖ እስኪጭነኝ ድረስ ጣቶቼን አላውቃቸውም ነበር። ብርዱ ግን አልነበረም ያስለቀሰኝ። እኔ ያላልኩትን በእኔ ስም፣ እኔ ፊት ቆመው ነው የተናገሩት፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ራሴን እየነቀነቅሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓመታቱን በትምህርት አሳለፍኳቸው። ቀን ዕቃ እያነሳሁ፣ ማታ እንግሊዝኛ እማር ነበር፤ ለሥራ ሳይሆን ለአንድ ንግግር። በአራተኛው ዓመት አንድ የግንቦት ጠዋት በራሴ መኪና ወደ ኦኮቶክስ ወረድኩና ግሌን ደጃፍ ፓርክ አደረግሁ። በመስታወት ፊት የተለማመድኩትን ሁሉ አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኩት። መቀርቀሪያው የማን እንደነበረ፣ ምን እንደጠየቅሁ፣ ምን እንደተነገረኝ።

ግሌን እጁን በጨርቅ እየጠረገ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አውቃለሁ» አለ። «ያን ቀንም አውቄያለሁ። የሞረዱን ጭረት አየሁት፤ የአንተ እጅ እንደዚያ አይተውም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ኢንሹራንሱ አንድ ስም ፈለገ። ኪዳኔን ባጣ ቤቱ ይዘጋ ነበር። አንተን ማጣት ግን እችል ነበር።»

ለዚህ ያዘጋጀሁት እንግሊዝኛ አልነበረኝም። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ጋሼ ኪዳኔ የዋሹት ለልጆቻቸው ነው፤ ሲዋሹም ፊቴን ማየት አቅቷቸዋል። ግሌን ግን እውነቱን ይዞ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው እጄን የጨበጠኝ። የትኛው እንደሚብስ ያኔም አላወቅሁም፤ አሁንም አላውቅም። ቶርኖ አጠገብ ግን ከዚያ ወዲህ ቆሜ አላውቅም።

የጋሼ ኪዳኔ ልጆች መጡ፤ ተምረዋል፣ ተድረዋል። እሳቸው አርጅተው በምርኩዝ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚመጡት። በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። «ተባረክ ልጄ» አሉኝ፤ «አሜን ጋሼ» አልኩ። እስከ ዛሬ ያቺ ውሸታቸው እንዳዳነቻቸው ነው የሚያምኑት። ግሌን የዚያኑ ቀን እንዳወቀባቸው፣ እያወቀም አብሯቸው ምሳ እየበላ ዓመታት እንዳሠራቸው አያውቁም። ልነግራቸው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። ዝም ያልኩት አዝኜላቸው ይሆን፣ ወይስ ሊነገራቸው የሚገባውን አስቀርቼ ቂሜን እየተወጣሁ?