የጄኔራሉ ካሚዮን

በያጁ ጎረቤቱን «ጄኔራሉ» የሚለው ለሹፈት ነው። ሰውዬው ጡረተኛ ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጫማውን እንደ ሙሽራ ወልውሎ ዝገት ውስጥ ሲርመጠመጥ ይውላል። አንድ የድሮ የጦር ካሚዮን ከየብረታ ብረት መሸጫው እየለቃቀመ መገጣጠም ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ራዲያተር፣ ሌላ ቀን የበር እጀታ ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱን ቡሎን በመሐረቡ ይጠርግና ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ያየዋል።

«ይሄ የእሷ አይደለም» ብሎ ይወረውረዋል።

«የእሷ? ሚስት አደረጓት እንዴ ጋሼ?»

ሰውዬው አይስቅም። በያጁን ደግሞ ቀልድ የማይገባው ሰው አንጀቱን ያሳርረዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ካሚዮኗ አለቀች። ሞተሯ ተነስቶ ግቢውን በጭስ ስትሞላው በያጁ ጉዱን ሊያይ እየሮጠ ገባ።

«በሉ እንግዲህ መሪውን ይጨብጡ፤ ሰፈሩ ጉድ ይበል!»

«መንዳት እንኳ አልችልም።»

በያጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አራት ዓመት የተለፋው ለዚህ ነው!

ሰውዬው ከኋላ በኩል ተንጠላጥሎ ወጣ። ለአሥር ሰው በሚበቃው ረጅም አግዳሚ መካከል፣ ግራና ቀኙን ሰው ያጣበበው ይመስል፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀመጠ።

በያጁም ሳቁ ሳያልቅለት ተከትሎት ወጣ። «ጠጋ ይበሉልኛ ጋሼ፣ አብረን እንዝመት!»

ሰውዬው ባዶው እንጨት ላይ መዳፉን አሳረፈ።

«ሰው አለበት» አለው።