በርሜል ውስጥ የተገኘው ቆጮ

«ስም አልጠራሁም እኮ!» አልኳት።

«መጥራት ነበረብህ?» አለች አስቴር። «ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ ሲስቅ አላየህም? ቆጮ በኮባ ጠቅልዬ የማመጣ እኔ ብቻ ነኝ።»

«አስቱ፣ እኔ የጻፍኩት ስለ ብክነት ነው።»

«ስለ ብክነት! ወይ ገጣሚ!»

ይህ የሆነው አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን፣ ዲላ፣ በትምህርት ቤታችን የክበብ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ያቺ ጠዋት ግን ከፊቴ አልሄድ ብላለች።

ክበባችን የምግብ ብክነትን ለመቀነስ ፕሮጀክት ጀምሮ ነበር። ከተማሪው ምሳ የተረፈው በርሜል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ዓርብ ከሰዓት የቡና ችግኞቹ አጠገብ ቆፍረን እንቀብረዋለን፤ ማዳበሪያ ይሆናል። የእኔ ሥራ በርሜሉን ማየትና ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስላገኘሁት ነገር ግጥም ማንበብ ነበር።

ሐሙስ ዕለት በኮባ የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ ግማሽ ቆጮ አገኘሁ። ፈትቼ ሳየው ሻግቷል። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ግጥሙ ቤት መትቶልኝ ነበር። በማግስቱ ቆጮውን ከፍ አድርጌ ይዤ አነበብኩ፦

እናት ጋግራ ላከች፣ በኮባ ጠቅልላ፣
በርሜል ገባ ዛሬ፣ ልጇ ጠግቦ ዲላ።

ተማሪው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ደስ አለኝ።

ከሰልፉ በኋላ በክበብ ክፍሉ ቆጮው በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«እማዬ መጨረሻ የጋገረችልኝ ነው» አለች አስቴር።

እናቷ በዚያው ሰሞን ማረፏን አውቃለሁ። ቡሌ ድረስ ሄደን ለቅሶ ከደረስነው አንዱ ነኝ። ጭቃማውን ዳገት ወጥቼ፣ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጬ ተመልሻለሁ። ቆጮውን ሳይ ግን አስቴር ትዝ አላለችኝም።

«መብላት አቃተኝ፤ መጣልም አቃተኝ» አለች። «ሲሸት አከራዬ ‹አውጪልኝ› አለች። ሜዳ ላይ ብጥለው ውሻ ይጎትተዋል። እናንተ ትቀብሩታላችሁ ብዬ ነው እዚያ ያስቀመጥኩት።»

ያኔ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?» አልኳት።

ከግጥሙ ይልቅ በዚህች ቃል ነው እስከ ዛሬ የማፍረው። ግጥሙን ከደብተሬ ቀድጄ ጥያለሁ፤ ከአፌ ግን አልጠፋም። ወናጎ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እንኳ በራሱ ይመጣብኛል።

አስቴር እኔ የፈታሁትን ቃጫ መልሳ ማሰር ጀመረች። ሁለት ጊዜ አመለጣት። ላግዛት እጄን ስዘረጋ ቆጮውን ወደ ራሷ ሳበችው። በሦስተኛው አሰረችው። ደረቷ ላይ አቅፋው ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።