ለጎማ የዋለ ጠበል

እናቴ ስኳር አለባት። ሐኪሟ «ሆድሽን ባዶ አታቆይው» ብሏታል፤ እሷ ደግሞ ጠበል ሳልጠጣ እህል አልቀምስም ትላለች። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን በመጨረሻ ተስማማን። እኔ በማለዳ ከእንጦጦ ማርያም ጠበል አመጣላታለሁ፣ እሷም እንደጠጣች ወዲያው ትበላለች። «ብቻ እንዳታስጠብቀኝ» አለችኝ። «በዚህች ብስክሌት? ከአልጋሽ ሳትወርጂ ደርሼ እገኛለሁ» አልኳት።

ኤሌክትሪክ ብስክሌት ከገዛሁ ወዲህ ጉራዬ አይቻልም ነበር። ለነዳጅ የተሰለፉትን ባለ መኪናዎች ደወሌን እያንቃጨልኩ ነበር የማልፋቸው። የዚያን ቀንም ያንን ሁሉ አቀበት ስወጣ ላብ ጠብ አላለኝም። ጠበሉን በትንሿ ጀሪካን ቀድቼ፣ ከኋላ አስሬ፣ ቁልቁል ለቀቅኩት። ሽሮ ሜዳ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ የኋላው ጎማ ተነፈሰ።

ገፍቶት የማያውቅ ሰው ብስክሌት ነው ብሎ ይንቀዋል። ባትሪውና ሞተሩ አንድ ላይ ድንጋይ ማለት ናቸው። እየተራገምኩ፣ ያውም ጠበል ይዤ፣ እንደምንም ገፍቼ ጎሚስታ ቤት ደረስኩ። ጎሚስታው ጎማውን አየና እጁን ሰበሰበ።

«ሽቦ አለው። ሞተሩ እዚሁ ጎማው ላይ ነው እኮ፤ ፈትቼው ቢበላሽብኝስ?»

«አትፍታው። የውስጡን ጎማ ብቻ በጎን ሳበው» አልኩት።

ሳበው፣ ነፋው፣ ቀዳዳው ግን አልታይ አለ። አየሩ ሲወጣ ይሰማል፤ ከየት እንደሆነ እንጃ። ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን ማየት ነበረበት፤ ሳፋው ግን ደርቋል። ሰፈሩ ውኃ ከጠፋበት ሰንብቷል። ሰውየው ግራ ቀኝ ሲያይ ቆየና ዓይኑ ጀሪካኔ ላይ አረፈ።

«እሱ ውኃ አይደለም እንዴ?»

ጠበል ነው ማለት ምን ይከብዳል? ብስክሌቱን እዚያው ትቼ በሚኒባስ መሄድ እችል ነበር። ያን ጊዜ አልታየኝም ብል ውሸት ነው፤ ታይቶኛል። ለማላውቀው ሰው ልተወው ሳሳሁ እንጂ። እናቴ ባዶ ሆዷን እየጠበቀችኝ እኔ ለብስክሌት ሳሳሁ።

«ውኃ ነው» አልኩት። ሳፋው ላይ ያፈሰስኩትም እኔው በገዛ እጄ ነኝ።

ጎማውን ሲነክረው አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ሰውየው ቀዳዳውን ስላገኘ ደስ ብሎት ሳቀ። ለጥፎ ሲጨርስ ግራሶ የነካውን እጁን ታጠበበትና ሳፋውን አንስቶ ቦይ ውስጥ ደፋው። ሳያውቅ ነው፤ እሱ ምን አጠፋ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ካፈሰስኩት ምኑን ልልቀመው? ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማማተብ እንኳን አሳፈረኝ።

ቤት ስደርስ ረፍዷል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ምግቧ እንደተከደነ አጠገቧ አለ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ጎማ ተንፍሶብኝ።»

«ጠበሉስ?»

«ፈሰሰ» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ጀሪካኗ ሥር የቀረችውን ቀዳሁላት፤ ብርጭቆም አልሞላች።

አማተበችና ግማሹን ጠጣች። ከዚያ ብርጭቆውን ወደኔ ዘረጋችው።

«እንካ፣ ይሄ ያንተ ነው። እህል ሳትቀምስ ስትለፋልኝ አረፈድክ።»

እጄ አልዘረጋ አለ። ጠበል በልተው አይጠጡም፤ ይህን ያስተማረችኝ ደግሞ እሷው ናት።

«እማዬ… በልቻለሁ» አልኳት መሬት መሬት እያየሁ። «ማስቲሹ እስኪደርቅ ብዬ፣ ሻይ በፓስቲ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ። የቀረውን ጠጣችና ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከዚያ ክዳኑን አንስታ እንጀራውን መቁረስ ጀመረች።

«ተመስገን» አለች፣ «እኔኮ ልጄ ተራበብኝ ብዬ ነበር ስጨነቅ ያረፈድኩት።»