ታናሿ በቁመት ስትበልጣት

ትልቋ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ስትገባ ታናሿ በቁመት በልጣት ነበር። የጌጃ ሰፈር ጎረቤቶቼ “አባቷን ወጥታ ነው፣ እሱም አጭር ነው” እያሉ ያጽናኑኛል። ሆዷን ያማታል፣ ይተዋታል፤ ያስቀምጣታል፣ ይተዋታል። ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው እል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሜክሲኮ ያለው መሥሪያ ቤቴ ገብቼ ሳልደላደል ስልኬ ጠራ። አስተማሪዋ ናት።

“እናቷ ነዎት? አይደንግጡ፤ ሰልፍ ላይ እያለች ወደቀች። አሁን ነቅታለች። ግን ቶሎ ይምጡ።”

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። የታክሲው ሰልፍ የሚቀመስ ስላልነበር በእግሬ ወረድኩ፤ አብዛኛውን በሩጫ። አንድ የጎረቤት ልጅ በደም ካንሰር ሞቶ ነበርና መንገዱን ሁሉ የእሱ መልክ ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል።

ስደርስ በአስተማሪዎቹ ክፍል አግዳሚ ላይ ጋደም ብላለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

“ማሚ፣ ሥራ የለሽም?” አለችኝ።

በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ የዓይኗን ቆብ ገልብጣ አየች። መዘነቻት፣ ቁመቷን ለካች። ደምና ሰገራ አዘዘች። ውጤቱን ስንጠብቅ ልጄ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እንደ ሕፃን ቀለለችብኝ።

ስንመለስ ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ወደ ልጄ ጎንበስ አለች።

“የኔ ቆንጆ፣ አፈር ትበያለሽ?”

“ኧረ አትበላም!” አልኩ እኔ ቀድሜ።

ልጄ ሰረቅ አድርጋ አየችኝ። “አፈር አይደለም፤ ግድግዳ ነው። ከኩሽናው ጀርባ ያለውን።”

“ደሟ በጣም ወርዷል” አለችኝ ሐኪሟ። “ወስፋትም አለባት። ደም ሲያንስ አፈር ያሰኛል፤ አፈሩ ደግሞ ወስፋት ያመጣል። እድገቷ ከቆመም ሰንብቷል።”

“ካንሰር አይደለም?”

“እስካሁን ምልክቱን አላየሁም። መድኃኒቱን ወስዳ ደሟ ካልጨመረ ግን ወደ ሆስፒታል እልካችኋለሁ።”

“ካልጨመረ” የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ባለቤቴ የኩሽናውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰነው። እኔ ሽሮፑን አፍንጫዋን ይዤ አጠጣታለሁ፤ ትተፋዋለች፤ እንደገና እቀዳለሁ። ምስርና ጎመን ስታኝክ ጉሮሮዋን እያየሁ መዋጧን እጠብቃለሁ። “ማሚ፣ አትዪኝ!” እያለች ታለቅሳለች። ታናሿንም አስመረመርኳት። ያቺ ደህና ናት ያልኳትም ወስፋት ተገኘባት።

በቀጠሯችን ቀን ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሜ ውጤቱን ተቀበልኩ። ደሟ ጨምሯል። ሐኪሟ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ኮስተር ብላ፣ “ቁመቷ ይጨምራል፤ ሙሉ በሙሉ ይካካሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም። ክትትሉን እንዳያቋርጡ” አለችኝ።

ከግቢው እንደወጣን ልጄ ቀሚሴን ሳበችኝ።

“ማሚ፣ ርቦኛል።”

ይህን ከአፏ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! እዚያው ያለ ሱቅ ለእሷም ለታናሿም ዳቦ ገዛሁ። የራሷን ቆማ በላችው፤ ከዚያ የታናሿንም ድርሻ ስጪኝ አለችኝ።