ያላመመው ቃጠሎ

በጤና ጣቢያው የምርመራ ክፍል ውስጥ አራት ነበርን። ልብስ ሰፊው ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ ከመስኮቱ ትይዩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ከኋላው ቆማ የወንበሩን መደገፊያ ይዛለች። ሐኪሟ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት የእስቴ አገር ልጅ፣ ከጠረጴዛው ጥግ ቆማ ካርዱን ታገላብጣለች። እኔ ከመድኃኒት ቁም ሳጥኑ አጠገብ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያው ጤና ጣቢያ በጤና ረዳትነት ስሠራ የምቆመው እዚያ ስለነበር እግሬ ራሱ ወሰደኝ።

ጎረቤቶቼ ናቸው። አብሬያቸው እንድሄድ የለመነችኝ ሚስቱ ናት።

ሐኪሟ ባለፈው ሳምንት የጆሮዎቹን ጫፍ በምላጭ ጫር አድርጋ የወሰደችው ናሙና በማይክሮስኮፕ ታይቶ ነበር።

"የሥጋ ደዌ ነው" አለች። "መድኃኒት አለው፣ ይድናሉ። አንድ ዓመት ይወስዳሉ። ከጀመሩ በኋላ ወደ ሰው አይተላለፍም።"

ሚስቱ "ያ..." ብላ ጀመረችና ሰው በሽታውን የሚሰድብበትን ሌላኛውን ስም ሳትጠራው ተወችው።

"እኔ እኮ ነጭ ነገር የለብኝም" አለ እሱ። "ቆዳዬን አይተውታል፣ ጥርት ያለ ነው።"

"የእርስዎ ዓይነት እንዲህ ነው። ሰውነት ጀርሙን ሲታገለው የታገለበት ቦታ ነጣ ብሎ ይደነዝዛል። የእርስዎ ሰውነት አልታገለውም፤ ስለዚህ እንደልቡ በየቦታው ተሰራጨ። ቆዳው ሁሉ እኩል ወፈር ይላል፣ ያብረቀርቃል። የጆሮ ጫፍ ያብጣል፣ ቅንድብ ከዳር በኩል ይሳሳል፣ አፍንጫ ይታፈናል።"

የዘረዘረችውን ሁሉ እኔ አይቼው ነበር። ድሮ ስንማር ደንዛዛ ነጭ ቦታ ፈልጉ፣ በጥጥ ነክታችሁ ጠይቁ ተብለናል። ሸሚዙን አስወልቄ ጀርባውን አይቻለሁ፤ ነጭ ቦታ ስላጣሁ ምንም የለብህም ብዬ ሸኘሁት። አፍንጫዬ ታፈነ ሲለኝ፣ በጋይንት ብርድ የማይታፈን ማን አለ አልኩት። ፊቱ ሞላ ብሎ ሲያበራ ደግሞ የገበያው ሰው ሁሉ "ተመቸህ፣ ወዝ አወጣህ" ይለው ነበር። እኔም ብየዋለሁ። እሱም "የእሷ እጅ ነው" እያለ በሚስቱ ሲኮራ አብሬ ስቄያለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ቃጠሎው ነው። የከሰል ካውያ የግራ እጁን ጠርዝ አቃጥሎት ሦስት ጊዜ መጥቶብኛል። ሦስቱንም ጊዜ አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ በፋሻ አስሬለታለሁ። በመጨረሻው ቀን ቆዳው ተልጦ ሥጋው ይታይ ነበር፤ እሱ ግን ስለ ጨርቅ መወደድ እያወራኝ እጁን እንደ ሰው ዕቃ ዘርግቶልኝ ተቀምጧል። "ሐሳብህ የት ሄዶ ነው?" አልኩት እንጂ አመመህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ሐኪሟ ዓይኑን እንዲጨፍን ነገረችው። በእስክሪብቶ ጫፍ ስትነካው፣ የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል።

"መርፌ እንዳይሰኩብኝ አደራ፣ ዶክተር፤ እዚህ ቤት ሰፊው እኔ ነኝ።"

"አፉን እንኳ በሽታ አልደፈረውም" አለች ሚስቱ።

ቀኝ እጁ ላይ አንድም አልሳተ። ወደ ግራው ዞረች። ትንሿን ጣትና ቀጥላ ያለችውን አራት ጊዜ ነካቻቸው። ዓይኑን እንደጨፈነ ትንሽ ጠበቀና፣

"ገና አልጀመሩም?" አለ።

ሐኪሟ ዓይኑን እንዲገልጥ ነግራው በክርኑ በኩል የሚያልፈውን ነርቭ በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

"ይህ መደንዘዝ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ወደ እኔ አየ። ከዚያ ወደ መስኮቱ።

"ከጥምቀት ወዲህ" አለ።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። የሐኪሟ ፊት ፈካ። "ስድስት ወር ካልሞላውማ ነርቩን ልናተርፈው እንችላለን። ለነርቩ የሚሰጠው መድኃኒት ከባድ ስለሆነ ያለ ቦታው አይሰጥም፤ ለእርስዎ ግን ይሆናል። ስሜቱ ሊመለስልዎት ይችላል።"

"ተመስገን" አለች ሚስቱ፤ ግንባሯን በትከሻው ላይ ደፋች። ሐኪሟ መጻፍ ጀመረች።

የዋሸው እኔን ለመሸፈን እንደሆነ ገብቶኛል። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። አንድ መስመር ጽፋ እስክትጨርስ ድረስ ዝም ብያለሁ፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

"ሁለት ዓመት አልፎታል" አልኩ። "መጀመሪያ ያቃጠለው የዛሬ ሁለት ዓመት ኅዳር ነው። ሦስት ጊዜ ያሰርኩለት እኔ ነኝ።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አነሳች። "ያን ጊዜ ያማቸው ነበር?"

"አልጠየቅኩትም።"

"ሲስተር፣ ምን አደከመዎት?" አለ ልብስ ሰፊው። ነርስ ሆኜ አላውቅም፤ እሱ ግን ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚጠራኝ። "ጥምቀት ካልኩ ጥምቀት ነው።"

"ያለ ቦታው ከወሰድከው ይጎዳሃል" አልኩት።

ሚስቱ ግንባሯን ከትከሻው አነሳች። "እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ በዚህ ተስፋ ብናድር ምን ነበረበት?"

"ተይ አንቺ" አላት።

ሐኪሟ የጻፈችውን መስመር በእርጋታ ሰረዘች። ሁለቱ ጣቶች እንደማይመለሱ፣ ቀሪዎቹን ግን መጠበቅ እንደሚቻል፣ ካውያውን ሌላ ሰው እንዲይዝለት፣ ማታ ማታ እጁን በዓይኑ እንዲመረምር ነገረችው። እሱ የግራ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እያየ ይሰማታል። ሁለቱን ጣቶች በሌላው እጁ ያዛቸው፣ ለቀቃቸው።

"በአንድ ቤት ስለምትኖሩ፣ ተላልፎብሽ እንደሆነ አንቺንም ልይሽ" አለች ሐኪሟ ለሚስቱ። "ነጠላሽን ከጆሮሽ ላይ ገለጥ አድርጊ።"

እሱ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ስትቀመጥ እኔ ጆሮዋን ሳላይ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።