በገደሉ ውስጥ የጠጣነው ውሃ

ዛሬ ስድስት ጎልማሶች ሆነን የአንዲት እናት ጄሪካን ባዶ አደረግን።

ከሮቤ ተነስተን ከጊኒር በታች ወዳለው ደረቅ ገደል ለእግር ጉዞ ወርደን ነበር። የደጋ ሰው ጃኬት እንጂ ውሃ መያዝ አያውቅም። ስድስታችንም ጃኬት ይዘናል።

ስንመለስ ዳገቱ መሃል ላይ ከወንዝ ቀድተው የሚወጡ አሮጊት አገኘን። የተሸከሙት አምስት ሊትር ነው፤ ዕድሜያቸው ከዚያ በላይ አያሸክምም።

አንዱ ጓደኛችን «አዴ፣ ውሃ ያጠጡን» አላቸው። እዚያ አገር ውሃ ለጠየቀ አይከለከልም። አወረዱት።

«ጠጡ ልጆቼ። ብቻ እላይ ልጄ አራስ ናት፣ እየጠበቀችኝ ነው። ትንሽ አትርፉልኝ።»

ጠጣን። እኔ ሁለቴ ጠጣሁ። ያው ጓደኛችን የቀረውን አናቱ ላይ አፈሰሰና፣ «እርስዎ መንገዱን ለምደውታል፣ የምንሞተው እኛ ነን» አላቸው። ሳቅን።

አሮጊቷ ጄሪካኑን ነቅነቅ አድርገው አዩት። «አብሽሩ» አሉንና ወደ ወንዙ ተመልሰው ወረዱ።

(መንገዱን የጠቆመን ሰው «መካከለኛ ነው፣ ብዙም አይከብድም» ብሎን ነበር።)

ልውረድልዎት ያለ ከመካከላችን አልነበረም። መኪናው ጋ ደርሰን ፎቶ ተነሳን።

እናንተስ፣ እምቢ ማለት በማይችል ሰው ላይ እንዲህ በርትታችሁ ታውቃላችሁ? ካላችሁ ጻፉ፤ ብቻዬን አልሁን።